የታጁ ስልሳ ሦስት ካርዶች

እሑድ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ እታገኝ የቀበሌውን ንባብ ቤት በር ገፋ ስታደርግ፣ ታጁን ከጠረጴዛው ሥር በፊቱ ተደፍቶ አገኘችው። የመደርደሪያው መሰላል አጠገቡ ወድቋል። አንድ እግር ጫማው ወልቆ ግድግዳው ሥር ተጥሏል። «ኡኡ!» ብላ ጮኸች። የአቃቂ ሰው ከጠዋት ጀምሮ በግዴታ ስብሰባ ተቀምጦ ገና መበተኑ ስለነበር፣ ጩኸቷን የሰማ ሁሉ እየሮጠ መጥቶ በሩ ላይ ተከመረ።

ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው፤ ስሙን ማንሣት እንኳ የሚከብድ ዓመት። ወሎ በረሃብ የረገፈበት፣ ከሞት የተረፈውም በጭነት መኪና ተጭኖ «ሰፈራ» እየተባለ ወደማያውቀው ቆላ የሚወሰድበት። ታጁ የወሎ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ተወልዶ ያደገው ግን አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጂኦግራፊ ሲማር ቆይቶ፣ በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፉን «መሬትና መንግሥት» የሚል ርእስ ሰጠው። የሰፈራ ጣቢያዎቹን ሄጄ ልይ ቢል የይለፍ ወረቀት ማን ይሰጠዋል! እሱ ደግሞ እልኸኛ ነው። «እንግዲያውስ ከመጻሕፍት ብቻ እሠራዋለሁ» ብሎ ያነበበውን ሁሉ በካርድ እየጻፈ፣ ቤታቸው ጠባብ ስለሆነ ንባብ ቤቱን መዋያው አድርጎት ከረመ።

የፖሊስ ጣቢያው መቶ አለቃ ኦልጅራ ሲገባ ቀድሞ ያየው ሬሳውን ሳይሆን ጫማውን ነው። ብዙ አይናገርም፤ ሲናገር ሰው ያስቀይማል፤ ዓይኑ ግን ትንኝ አያመልጠውም። ጫማውን አንሥቶ ሬሳው እግር ሥር አስቀመጠ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ደበላ እስኪጠየቅ አልጠበቀም።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ነገሩ ያለቀ ነው። ጠዋት ወንድሙ መንሱር ከስብሰባ ሾልኮ እዚህ ገብቷል። ‹አቃጥለው! ዛሬውኑ አቃጥለው!› እያለ ሲጮህበት ወደ ስብሰባው የዘገዩ ሰዎች ሰምተዋል። አስሬዋለሁ።»

«ምኑን ነው አቃጥል ያለው?»

«ጽሑፉን ነዋ! ፀረ አብዮት ጽሑፍ ሳይሆን አይቀርም። ፈልጌ አጣሁት፤ መንሱር ደብቆታል። ለበላይ አካል ደውያለሁ። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ይወስደዋል።»

በቀትር የሚመጣውን መኪና ኦልጅራ ያውቀዋል። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ገና ሃምሳ አለቃ ሳለ፣ መነጽር ያደረገ አንድ ልጅ በእጁ ነበር። ጥፋት እንደሌለበት ያውቃል። እንደዚሁ በቀትር መኪና መጣ፤ ኦልጅራ ፈርሞ አስረከበ። ልጁ ሲወጣ «ጫማዬን ላድርግ?» ብሎ ጠየቀ፤ መልስ የሰጠው የለም። ከዚያ ወዲህ ያ ልጅ አልለቀቀውም። ኦልጅራ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ሲሆን ፊት ለፊቱ ካለው ወንበር ላይ ይቀመጣል። አይናገርም፤ ባዶ እግሩን ነው። ይህን ለሚስቱም ነግሯት አያውቅም፤ ቢነግራትስ ማን ያምነዋል?

«እስከ ነገ ስድስት ሰዓት» አለ ለራሱ። እስከዚያ ገዳዩ ካልተገኘ መንሱር ይሄዳል። ከዚያ መኪና ወርዶ ቤቱ የገባ ሰው ኦልጅራ አያውቅም።

ተንበርክኮ ሬሳውን አየ። የተመታው ማጅራቱን ነው።

«በፊቱ የወደቀ ሰው ማጅራቱን ምን መታው?» አለ።

ጠረጴዛው ላይ፣ ወረቀት ነፋስ እንዳይወስደው መጫኛ የሚያደርጉት አንድ የሐዲድ ብረት ቁራጭ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ አቧራ ለብሷል፤ ብረቱ ግን ጥርት ብሎ ተወልውሏል። ከጎኑ ጠባብ የእንጨት ሳጥን አለ፤ በውስጡ የታጁ ካርዶች ቀጥ ብለው ተደርድረዋል። ኦልጅራ አንድ በአንድ አገላበጣቸው። የአንዱ ጥግ ተጣጥፏል። አንዱ ላይ የጫማ ሶል ታትሟል። መካከል ላይ ያለ አንድ ካርድ ፊቱ በደም ተነክቷል፤ ከፊቱም ከኋላውም ያሉት ግን ንጹሕ ናቸው።

«እታገኝ፣ ነይ እስቲ» አለ። እታገኝ ንባብ ቤቱን የምትጠብቅ፣ ታይፕ የምትችል፣ ዓይኗ በልቅሶ ያበጠ ሴት ናት። «እነዚህን ካርዶች ታውቂያቸዋለሽ?»

«እንዴት አላውቃቸውም! ቅዳሜ ማታ የመጽሐፍ ዝርዝሩን የታየብኩለት እኔ ነኝ። አንድ በአንድ ከሳጥኑ እያወጣ ያነብልኛል፣ እኔ እመታለሁ። ስልሳ ሦስት ነበሩ።»

«አሁን ስልሳ ሁለት ናቸው። የካርቦን ግልባጩን ይዘሽዋል?»

ከመሳቢያዋ አውጥታ ሰጠችው። ኦልጅራ ዝርዝሩንና ሳጥኑን አስተያየና ፊቱ ተለወጠ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ታጁ ሰሞኑን ምን ይል ነበር?»

እታገኝ ደበላን በጎን አየችው። ኦልጅራ ገባውና ሊቀመንበሩን ሰው በትን ብሎ አስወጣው።

«ሐሙስ ዕለት ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «‹ቁጥሩ አንድ ነው፣ እታገኝ! ወንዙ ሌላ፣ ቁጥሩ አንድ!› አለኝ። ምን ማለትህ ነው ብለው፣ ‹መጀመሪያ ለሚመለከተው ሰው ልንገረው፤ ሰው ማሳፈር ጥሩ አይደለም› አለኝ።»

«በስብሰባው ሰዓት ከናንተ መካከል የወጣ አለ?»

«እኔ ስም እየጠራሁ ነበር። መንሱር ወጥቶ ወዲያው ተመልሷል። ጓድ ሊቀመንበርም ግማሽ ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር።»

ደበላ ውጭ ቆሞ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። «እኔን? እኔን ትጠረጥራለህ?»

«የት ሄድክ?»

«ኧረ በናትህ ዝቅ አድርገህ ተናገር! ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናግሬ ጉሮሮዬ ደርቆ ነው። ከእነ ዳሲቱ ጠጅ ቤት አንድ ብርሌ ቀምሼ ተመለስኩ። ይህ ከተሰማ ሊቀመንበርነቴ አበቃለት።»

ኦልጅራ ዳሲቱን አስጠርቶ ጠየቃት። አንድ ሳይሆን አራት ብርሌ ነበር።

ከዚያ ወደ ቀበሌው እስር ቤት ሄደ። በሩ ላይ እማማ ዓሊማ፣ የሁለቱ ልጆች እናት፣ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። አላለቀሱም።

«አንዱን ልቀብር ነው» አሉት ቀና ብለው። «ሌላውንስ የት ሄጄ ነው የምፈልገው? አንተንም እናት ወልዳሃለችና ንገረኝ።»

ኦልጅራ ጎንበስ አለላቸው። «እማማ፣ እስከ ነገ ቀትር ጊዜ ይስጡኝ» ብሎ ገባ።

መንሱር ጥግ ይዞ ተኮራምቷል። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጉንጩ ግን በሁለት ወር ውስጥ ጎድጉዷል።

«ለምን አቃጥለው አልከው?»

«ስለፈራሁ።»

«መንግሥትን?»

መንሱር በአሉታ ራሱን ነቀነቀ። «መኪናዬ ለዘመቻ ተይዟል። ከኅዳር ጀምሮ ሰፋሪ የማመላልሰው ዱልማ ወደሚባል ሸለቆ ነው። ታጁ ጠዋት ጠርቶኝ፣ ‹ዱልማ ውኃ የለም፤ ወንዙ በበጋ ይደርቃል፤ መጻሕፍቱ ይናገራሉ› አለኝ። እንደ እብድ ሆንኩ። አቃጥለው አልኩት። እዚያ ያወረድኳቸው… አንዷ አሮጊት ስትወርድ መርቃኛለች፣ መቶ አለቃ። ‹ከሞት አወጣኸን› ብላ መርቃኛለች። ታዲያ እንዴት ልስማው?»

ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ኦልጅራ ሰውየው እንዳልገደለ ያኔውኑ አወቀ፤ ማወቅ ብቻውን ግን በሰባ ዓመተ ምሕረትም አልጠቀመም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሳሪስ አቦ አጠገብ ወዳለ ግቢ ሄደ። የታጁ አማካሪ ዶክተር ቀናው ዘለለው የሚኖሩት እዚያ ነው። ዘጠኝ ዓመት ውጭ አገር የተማሩ፣ ልብሳቸው የተተኮሰ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ ወንበሩን ያዙ።

«ታጁ? ሞተ? ምን ዓይነት ጎበዝ ልጅ ነበር!»

«ንባብ ቤቱን ያውቁታል?»

«እኔ? አቃቂን የማውቃት በመኪና መስኮት ነው። የምንገናኘው ቢሮዬ ነው።»

«ካርዶቹንስ?»

«ካርድ የተማሪው የግል ጉዳይ ነው። እኔ የማነበው የተጻፈውን ነው፤ እሱንም ገና አላመጣልኝም።»

ኦልጅራ እጃቸውን አየ። የቀኝ እጃቸው ጣት ቀይ ቀለም ነክቶታል። «በእሑድም ሥራ አለ?»

«ምን ይደረግ! የተማሪ ወረቀት እያረምኩ ነበር።»

ከመደርደሪያው ላይ አንድ ቀጭን መጽሐፍ ኦልጅራን ሳበው። «የዱልማ ሸለቆ ጥናት» ይላል፤ ጸሐፊው ራሳቸው ናቸው። የሰፈራ ጣቢያው የተመረጠው በዚህ ጥናት ነው። ይዋሱኝ ብሎ ወሰደው። አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ሲያገላብጥ ከመሀሉ ብዙም አልገባውም። የመጨረሻውን ገጽ፣ የመጽሐፍ ዝርዝሩን ግን ሁለት ጊዜ አነበበው።

ሰኞ ጠዋት ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስልክ ደውሎ አንድ ነገር ጠየቀ። አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም ንባብ ቤት ሰበሰባቸው። ደበላ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል። እታገኝ መሐረቧን ጨብጣለች። መንሱር እጁ እንደታሰረ ቆሟል፤ እማማ ዓሊማ ደፉ ላይ ናቸው። ዶክተር ቀናው የታጁን ወረቀቶች እንዲያዩልን ተብለው ተጠርተው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ማዶ ሁለት ባዶ ወንበሮች አሉ። ኦልጅራ ወደዚያ ተመለከተ። ያ ባለ መነጽር ልጅ ዛሬ ብቻውን አልነበረም።

ዓይኑን በግድ አነሣና ከሳጥኑ አምስት አምስት ካርድ አውጥቶ እየቀላቀለ ለደበላ፣ ለእታገኝና ለዶክተሩ አደላቸው።

«ካርዶቹ ወድቀው ተቀላቅለዋል እንበል። እስቲ በቅደም ተከተል መልሱልኝ።»

«ይሄ ደግሞ ምን ጨዋታ ነው!» አለ ደበላ። ሆኖም ቁጭ ብሎ ታገለ፤ ንጹሑን ከላይ፣ የቆሸሸውን ከታች አደረገ። እታገኝ በጥንቃቄ ደረደረች። ዶክተሩ ግን ሐሳባቸው ሌላ ቦታ ሳለ እጃቸው ብቻ ሠራ፤ ገና ሌሎቹ ሳይጀምሩ ጨርሰው አስቀመጡ።

ኦልጅራ የዶክተሩን ካርዶች አንሥቶ ጮክ ብሎ አነበበ። «ተካልኝ ሀብቴ። ፍስሐ ለገሠ። ሉልሰገድ ወርቅነህ። ቀናው ዘለለው፣ እርስዎ ራስዎ ነዎት። በላቸው ፈንታ። እታገኝ፣ ያንቺ ይነበብ።»

«ዛዲግ፣ ጽጌ፣ ፋንታዬ…» እያለች አነበበች።

«አንቺ በራሳቸው ስም ደረደርሽ።»

«ታዲያ በማን ስም ልደርድር? ሰው በአባቱ ስም ይጠራል እንዴ?»

«እኛ አገር አይጠራም» አለ ኦልጅራ። «ውጭ አገር ግን መጽሐፍ የሚዘረዘረው በአባት ስም ነው። ዶክተር ዘጠኝ ዓመት እንዲያ ሲሠሩ ኖረው እጃቸው ለምዷል። የመጽሐፋቸው የመጨረሻ ገጽም እንዲሁ ነው፤ ሀብቴ፣ ለገሠ፣ ወርቅነህ እያለ ይሄዳል።»

«ልማድ ነው» አሉ ዶክተሩ ፈገግ ብለው። «ልማድ ወንጀል ሆነ?»

«አይደለም። አሁን ይህንን እንየው።» ካርቦኑን ከኪሱ አወጣ። «እታገኝ ቅዳሜ ማታ ከሳጥኑ በተራ እየተነበበላት የመታችው ነው። ሉልሰገድ፣ ቀናው፣ በላቸው፣ ተካልኝ፣ ፍስሐ። ታጁ የሚደረድረው በራሳቸው ስም ነበር። እሑድ እኔ ሳጥኑን ስከፍት ግን ካርዶቹ ሁሉ በአባት ስም ሆነው አገኘኋቸው። በቅዳሜና በእሑድ መካከል አንድ ሰው እንደ አዲስ ደርድሯቸዋል ማለት ነው። መቼ? የአንዱ ካርድ ፊት ደም ነክቶታል፤ ጎረቤቶቹ ንጹሕ ናቸው። ደሙ የነካው ካርዶቹ ወለል ላይ ተበትነው ሳለ ነው። የደረደራቸው ሰው ታጁ ከወደቀ በኋላ እዚህ ቆሞ ነበር።»

ደበላ እንኳ ሰዓቱን ረሳ።

«መንሱር ይህን አያውቅም። ጓድ ደበላ ሲደረድር አያችሁት። እታገኝ ስብሰባ ላይ ስም ስትጠራ ነበር፤ ባትጠራም በአባት ስም አትደረድርም። ገዳዩ የተበተነ ነገር እንደተበተነ ትቶ መሄድ አልሆነለትም። ከመሰላል የወደቀ እንዲመስል ሁሉን ማስተካከል ነበረበት፤ ሲያስተካክል ደግሞ እንደለመደው አስተካከለ።»

«እኔ አቃቂ ረግጬ…»

«አንድ ካርድ ጎድሏል» አለ ኦልጅራ ሳያስጨርሳቸው። «ዝርዝሩ ላይ አርባ አንደኛ ነው፤ የጉድጓድ ውኃ መሐንዲሶች የዛሬ ሃያ ዓመት የጻፉት ዘገባ። ጠዋት ለቤተ መጻሕፍቱ ደውዬ ዘገባውን አስነበብኩ። ያን ዘገባ ከዓመታት ወዲህ የተዋሱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከሁለት ዓመት በፊት እርስዎ፣ ባለፈው ሐሙስ ታጁ። የሚያወራው ስለ ዱልማ አይደለም፤ ክረምት ከበጋ ስለሚፈስ ሌላ ወንዝ ነው። የዚያ ወንዝ የውኃ መጠን ግን ከነነጥቡ በእርስዎ መጽሐፍ ውስጥ የዱልማ ተብሎ ተጽፏል። ‹ወንዙ ሌላ፣ ቁጥሩ አንድ› ያለው ይህንን ነው። ዱልማ ሄደው አያውቁም፣ ዶክተር።»

«ግምት ነው! ማስረጃ የለህም!»

«ቦርሳዎን ይክፈቱ።»

ዶክተሩ ቦርሳውን በሁለት እጃቸው አቀፉት። ኦልጅራ ተጠግቶ ቀስ ብሎ ወሰደው። ከውስጡ የታጁ የመመረቂያ ጽሑፍ ወጣ፤ አርባ አንደኛውም ካርድ መሀሉ ገብቷል። ገጾቹን ገለጠ። ከዳር እስከ ዳር በቀይ እስክሪብቶ ታርሟል። «ይህ ዐረፍተ ነገር ይጠር።» «ገጽ ይጠቀስ።» «ጥሩ ነጥብ።» የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ በትልቁ፣ «ኤ» ተብሎ ተጽፏል።

«ውይ!» አለች እታገኝ። «ገድለውት አረሙለት?»

ከዚህ ወዲያ አንቱታው ይቅር። ቀናው ተሰበረ።

«ላቃጥለው ክብሪት ጭሬ ነበር» አለ። ድምፁ እንደ በሽተኛ ነው። «አንድ ገጽ ሳነብ ሁለተኛውን ማንበብ አማረኝ። ዛሬም ቤት ትቼው መምጣት ፈራሁ። ሃያ ዓመት ሳስተምር እንዲህ የጻፈ ተማሪ አላየሁም። የይለፍ ወረቀት ሳይሰጡት፣ ከመጻሕፍት ብቻ… እኔ መሬቱን ሄጄ ማየት እየቻልኩ ሳላይ የጻፍኩትን፣ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየው። ጥናቱን በሁለት ሳምንት አምጣ ተባልኩ። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ወባ አለ። ማን ያውቃል ብዬ ነው።»

«እሑድ የጠራህ እሱ ነው?»

«እሱ ነው። ሰው በሌለበት ሊነግረኝ። ‹ጋሼ፣ እዚህ ላይ ሳይሳሳቱ አይቀርም፤ ሳላስገባው ያስተካክሉት ብዬ ነው› አለኝ። ስህተት መስሎታል! ሊያሳፍረኝ አልፈለገም። ብረቱን ያነሣሁት እሱ ካርዱን ሊያሳየኝ ወደ ሳጥኑ ዞር ሲል ነው።» ባዶዎቹን ወንበሮች አየና ፊቱን አዞረ። «ሌሊቱን ሙሉ ገጽ ሲገለጥ እሰማለሁ። እኔ እያረምኩ፣ እሱ ደግሞ ከኋላዬ ሆኖ ያነባል።»

ኦልጅራ አልሳቀበትም። እንዲህ ያለውን ነገር ያውቀዋል።

የቀናው ቃል ተጽፎ፣ ፈርሞበት፣ በሁለት ፖሊሶች ተይዞ ሲወጣ አምስት ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። የሚመጣው መኪና መንሱርን የሚወስድበት ምክንያት የለውም። ኦልጅራ እጁን ራሱ ፈታለት። እማማ ዓሊማ ተነሥተው የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ፤ እስካሁን ያፈኑት እንባ ያኔ ገነፈለ።

ደበላም እፎይ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ እንኳን ነፃ ወጣህ፣ ጓድ መንሱር። ወንድምህን ዛሬ ቅበር። ነገ ጠዋት ግን ወደ ዱልማ የሚጫኑ ሰማንያ ሰዎች አሉ፤ ሌላ ሾፌር የለኝም።»

መንሱር ወደ ኦልጅራ ዞረ።

«ጽሑፉ እውነት ነው ማለት ነው?»

«እውነት ነው።»

«አሥራ አንድ ጊዜ ነው ያመላለስኩት።» የተፈቱትን እጆቹን አየ። «ሰው አልገደልክም ብለው ነው የፈቱኝ፣ መቶ አለቃ?»

እማማ ዓሊማ የልጃቸውን እጅ ጨበጡ። መንሱር ወደ ደበላ ተመለሰና፣ በቀስታ ግን ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ፣ «አልሄድም» አለ።

«ምን አልክ? ይህ እኮ አድማ ነው! ገና ከእስር ሳትወጣ…»

ኦልጅራ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ወረቀት ሳበ። መጻፍ ጀመረ። ፊርማው ምን ሊያመጣበት እንደሚችል ያውቃል። ጨርሶ ፈረመና ወረቀቱን ለደበላ ዘረጋለት።

«የመንሱር መኪና ለማስረጃ፣ በኤግዚቢትነት ተይዟል። ሾፌሩም ምስክር ነው፤ ከአቃቂ መውጣት አይችልም። ሰማንያዎቹም የትም አይሄዱም፤ የዱልማ ጥናት ሐሰተኛ መሆኑን ለበላይ አካል ጽፌያለሁ።»

«ኤግዚቢት?» ደበላ ወረቀቱን ገልብጦ አየው። «ምርመራው አለቀ አይደል እንዴ?»

«የአንዱ ሟች አለቀ» አለ ኦልጅራ።